ለዛጎል የተጠራ ዋስ

በግ መርጬ አውቃለሁ፤ ላቱን ጨብጬ፣ ጥርሱን አይቼ። ዶሮ መርጬ አውቃለሁ፤ ደረቷን ዳስሼ፣ ላባዋን እፍ ብዬ። እንቁላል በጆሮዬ ሥር ነቅንቄ የተበላሸውን ከደህናው እለያለሁ። ዛጎል ግን መርጬ አላውቅም ነበር። በስልሳ አንድ ዓመቴ እግዚአብሔር ይህንንም አሳየኝ።

ዛጎል ስል ባዶውን፣ ለጌጥ የሚሰፋውን ማለቴ አይደለም። ነፍስ ያለበትን ነው። የእንቁላል መጠን ያክላል። ሁለት ክዳን አለው፤ በክዳኖቹ መካከል ለስላሳ ሥጋ አለ። ውሃ ውስጥ ይኖራል። ውሃውን በአንድ በኩል ይስባል፣ ቆሻሻውን ለራሱ ያስቀራል፣ የጠራውን በሌላ በኩል ይተፋል። ቀኑን ሙሉ ሥራው ይኸው ነው። እኔም በቤቴ የማደርገው ከዚህ ብዙ አይለይም።

ነገሩን ያመጣው የባለቤቴ እግር ነው።

ባለቤቴ ሠላሳ ዓመት የጭነት መኪና ነድቷል። ሌላው ሰው ጡረታ ሲወጣ ዕድር ይመራል፣ ወይም ቤተ ክርስቲያን ይውላል። እሱ አኳሪየም ገዛ። የሳሎናችንን ቡፌ ወደ ጓዳ አስገብቶ በቦታው የመስታወቱን ሣጥን አቆመ። ሳህኖቼ እስከ ዛሬ አልጋ ሥር ናቸው። ስምንት ዓሦች ነበሩት። ጠዋት ተነስቶ «ደህና አደራችሁ?» ይላቸዋል። እኔን ደህና አደርሽ የሚለኝ ከእነሱ ቀጥሎ ነው። አልከፋኝም። ዕድሜውን መንገድ ላይ ያደረ ሰው፣ ቤቱ ውስጥ የሚነሳበት ምክንያት ማግኘቱ ለእኔ ተመስገን ነው።

ከዚያ ነፋስ ዲሹን አዞረው። ላስተካክል ብሎ መሰላል ወጣ። የወረደው ግን በመሰላሉ አልነበረም። እግሩ ተሰበረ፤ ጭንቅላቱ ተረፈ። ተመስገን። እግሩን በጀሶ አሽገው ወደ ቤት ላኩት፤ አልጋውን ሳሎን ውስጥ ዘረጋንለት።

ሐኪሙ በየቀኑ በክራንች ተነስቶ እንዲራመድ አዝዞታል። «ተኝተው ከቀሩ እግርዎ ይደርቃል» ብሎ አስጠንቅቆታል። ባለቤቴ ግን ክራንቹን እንደ ጠላት ነው የሚያየው። የሚነሳው ለአንድ ጉዳይ ብቻ ነበር፤ ዓሦቹን ሊያበላ። ከአልጋው እስከ ሣጥኑ ስድስት እርምጃ ነው። ጠዋት ስድስት፣ ማታ ስድስት። ሲመለስም ስድስት። እኔ ወጥ እያማሰልኩ ከጓዳ እቆጥርለታለሁ።

ችግሩ ውሃው ሆነ። ቀድሞ በባልዲ እየቀዳ የሚቀይረው እሱ ነበር። አሁን አልቻለም። እኔን ደግሞ ወገቤ አይፈቅድልኝም። ውሃው የጎመን ቅቅል መሰለ። ቤቴል ክሊኒክ ውስጥ የምትሠራው ልጃችን ዛጎል ውሃ ያጠራል የሚል ነገር ስልኳ ላይ አይታ፣ ከሆነ ቦታ አንድ ገዝታ አመጣች።

የሞተ ነበር። እኛ አላወቅንም። ዝም ብሎ ስለተቀመጠ ጨዋ መሰለን። በሁለተኛው ቀን ቤቱ ሸተተ። በሦስተኛው ቀን ሦስት ዓሦች ሆዳቸውን ወደ ሰማይ አድርገው ተንሳፈፉ።

ባለቤቴ ወደ ግድግዳው ዞሮ ተኛ።

«ከእንግዲህ አንድ ዓሣ ከሞተ፣ ሣጥኑን ለሚፈልግ ሰው ስጪው» አለኝ። «ክራንቹንም ጨምረሽ ስጪው።»

እኔን ያስፈራኝ ሁለተኛው ነው። ዓሦቹ ካለቁ ይህ ሰው ከአልጋው አይነሳም። የቀሩት ዓሦች አምስት ናቸው። ውሃው በየቀኑ ይጠቁራል። እንግዲህ ዛጎል ያስፈልጋል፤ ያውም የማይሞት።

ልጄ በስልክ አለቀሰች። አጽናናኋት። ካበቃች በኋላ፦

«እማዬ፣ እኔ እስከ ሌላኛው ሳምንት ቅዳሜ ከሥራ መውጣት አልችልም» አለች። «አየር ጤና፣ ጋራዦቹ አጠገብ አንድ ዓሣ ሻጭ አለ። ሂጂና አንቺ ምረጪ።»

«እኔ ምን አውቄ?»

«እኔ እነግርሻለሁ። አሁን በደንብ አንብቤያለሁ። ጻፊ።»

የዕድር ደረሰኝ ጀርባ ላይ ጻፍኩ።

«የሞተ ዛጎል አፉን ከፍቶ ይቀራል። በሕይወት ያለው ሲነኩት ይዘጋል። ሊከፍቱት ሲሞክሩ ይታገላል። የሞተው ይሸታል። ክዳኑ የተሰነጠቀ አትውሰጂ። ሱቁ ውስጥ የሰነበተ ይሻላል። ስታነሺው ከበድ ይበል፤ ቀለል ካለ ባዶ ነው።»

«ከበድ ካለ ጥሩ ነው?»

«ጥሩ ነው። በጣም ከከበደ ግን ውስጡ ጭቃ ሊሆን ይችላል።»

«ልጄ፣ ባልሽን ስናጣራ እንኳ ይህን ያህል አልጠየቅንም።»

«አውቃለሁ እማዬ» አለችኝ።

ሌላም ያሳሰበኝ ነገር ነበር። መጽሐፉ ክንፍና ቅርፊት የሌለውን የውሃ ፍጥረት ርኩስ ነው ይላል። የመጀመሪያውን ሳልጠይቅ አስገብቼ ያየሁትን አይቻለሁ። እሁድ ከቅዳሴ በኋላ የንስሐ አባቴ ዘንድ ቀረብኩ።

«አባታችን፣ ዛጎል ቤት ማስገባት ኃጢአት ነው?»

ፊታቸው ተለወጠ። «ልትጠነቁይበት ነው?»

«ኧረ በስመ አብ! ለዓሣ ውሃ ማጥሪያ ነው።»

«ልትበሉት ነው?»

«አንበላውም።»

«ቤትሽ ድመት አለሽ?»

«አለችኝ።»

«ትበያታለሽ?»

«አልበላትም አባቴ።»

«በይ እግዚአብሔር ይፍታሽ፤ ሂጂ» ብለው መስቀላቸውን አሳለሙኝ። ከኋላዬ ተራ የሚጠብቁት ሴትዮ ስለ ድመቷ ብቻ ነው የሰሙት መሰለኝ፤ አተኩረው አዩኝ።

ማክሰኞ ጠዋት ነጠላዬን አጣፍቼ አየር ጤና ሄድኩ። ሱቁ ጠባብ ነው። በአንድ ወገኑ ጎማ ይጠገናል፤ በሌላ ወገኑ ሳፋና ባልዲ ይሸጣል። ዓሣ ሻጩ ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው።

«ማዘር ይግቡ፣ ምን ልታዘዝ?»

«ዛጎል።»

«የሞተ ነው ወይስ ሕይወት ያለው?» የሞተውንም ለጌጥ ይሸጣል ለካ።

«የሞተማ ነበረን» አልኩት።

ውሃና አሸዋ ያለበት ሳፋ ወደ ፊት አመጣልኝ። ሰባት ዛጎሎች ናቸው። ስድስቱ መሐል ላይ ተዘግተው ተቀምጠዋል። አንዱ ጥግ ይዟል።

«ሁሉም ጤነኞች ናቸው» አለ።

«በምን ታውቃለህ?»

«ማዘር፣ ሁለት ሳምንት አብረን ነው የኖርነው።»

«ምን ይበላሉ?»

«ምንም አልሰጣቸውም። ውሃው ውስጥ የማይታይ ነገር አለ፤ እሱን ይመጠምጣሉ።»

«ጾመኞች ናቸዋ።»

እጅጌዬን ሰብስቤ የመጀመሪያውን አነሳሁ። ከበድ ይላል። እንደ ልማዴ ወደ ጆሮዬ አስጠግቼ ነቀነቅሁት። ሻጩ ከወንበሩ ተነሳ።

«ማዘር! እንቁላል አይደለም እኮ!»

«ሳልነቀንቅ በምን አውቃለሁ?»

«ይደነግጣላ!»

«ሞቶ ከሆነ አይደነግጥም።»

ሁለተኛውን ነቀነቅሁ። እንደ ጽናጽል ተንሿሿ። ወደ አፍንጫዬ አቀረብኩት። የሰማይ አባት!

«ይህ ሞቷል።»

«አይሆንም፣ ገና ጠዋት...»

«አሽትት።»

አሸተተ። ዓይኑ እንባ አቀረረ። «ነፍስ ይማር» ብሎ ወሰደልኝ።

ሦስተኛው ክዳኑ ተሰንጥቋል። አራተኛውንና አምስተኛውን አጋጨኋቸው፤ አንዱ እንደ ድንጋይ፣ አንዱ እንደ ባዶ ጣሳ ጮኸ። ባዶውን ተውኩት። ድንጋዩን እፍ አልኩበት።

«አሁን ደግሞ ምን እየሆኑ ነው?» አለ ሻጩ።

«ዶሮ ስገዛ እፍ እላለሁ።»

«ላባ የለውም እኮ ማዘር!»

«እጄን ልማድ ይዞት ነው» አልኩት። የተያዘው አፌ ነበር።

በዚህ መሐል ሰው ተሰብስቧል። ከጎማ ጥገናው ሁለት ጎረምሶች እጃቸውን እየጠረጉ መጡ። «ጎማ ቢሆን ውሃ ውስጥ ነክረን አረፋ እናይ ነበር» አለ አንደኛው። «ተነክሯል እኮ፤ ኑሮው እዚያ ነው» አለው ሌላኛው። የሳፋና የባልዲ ነጋዴውም ከሱቁ ወጥቶ በሩ ላይ ቆመ። ባርኔጣ ያደረገ፣ ስልሳ ዓመት የሚጠጋው፣ ዝግ ያለ ሰው ነው።

ድንጋዩን ልከፍተው ሞከርኩ። ያለምንም ትግል ተከፈተ። ውስጡ ጭቃ ነው። ልጄ እውነቷን ነው።

አምስት አይቼ ደህና የምለው አንድ ነው፤ እሱንም ነቅንቄዋለሁ። ስድስተኛውን ለማንሳት እንኳ ፈራሁ። ባለቤቴ አልጋው ላይ ሆኖ ይጠብቀኛል። «እመቤቴ፣ አንቺ ምረጪልኝ» አልኩ በሆዴ።

ጥግ ላይ ያለውን ለማየት ጎንበስ አልኩ። እሱ እንደ ሌሎቹ አልተዘጋም። አፉን በጥቂቱ ከፍቶ ነጭ ሥጋውን እንደ ምላስ አውጥቷል። ይህም ሞቷል ብዬ ላልፈው ስል፣ የነጠላዬ ዘርፍ ከትከሻዬ ተንሸራቶ ውሃው ውስጥ ገባ፤ አፉ ላይ አረፈ።

ቀጭ! ዘጋ።

ጎተትኩ። አልለቀቀም። ቀና ስል ከነጠላዬ ላይ ተንጠልጥሎ አብሮኝ ወጣ። ውሃው በቀሚሴ ላይ ይንጠባጠባል። በጣቴ ክዳኑን ልፈለቅቅ ሞከርኩ። ባሰበት።

በአንድ እጄ ደረሰኙን አውጥቼ አነበብኩ። ሲነኩት ይዘጋል፤ ዘግቷል። ሲከፍቱት ይታገላል፤ እየታገለ ነው። አሸተትኩት፤ የወንዝ ሽታ እንጂ ሌላ የለውም። ስንጥቅ የለውም። ሚዛኑም አንገቴን ጎትቶታል።

«ይህን እወስዳለሁ» አልኩ።

«እሱ ነው እርስዎን የወሰደው» አለ ሻጩ። መቀስ አነሳ። «ዘርፉን ልቁረጠው?»

«የጥምቀት ነጠላዬ ነው። ሞክርና እየኝ።»

መቀሱን አስቀመጠ።

«አሁን ደግሞ ዋስ ጥራልኝ» አልኩት።

«የምን ዋስ?»

«የዛጎሉ።»

ጎረምሶቹ ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም። አባቴ ሸዋ ገጠር ሳለ በሬ የሚገዛው በዋስ ነበር። በሬው ሦስት ቀን በእኛ በረት ያድራል። ቢወድቅ፣ ቢታመም፣ ዋሱ ተጠርቶ ይመጣል። እንዲህ ሆኖ ተጣልቶ የተካሰሰ ሰው አላየሁም።

«ማዘር፣ ይኼ እኮ በሬ አይደለም» አለ ሻጩ።

«በሬማ ቢሆን ሲታመም አየው ነበር። ይህ ሞቶም ዝም፣ ሳይሞትም ዝም ነው። ዋስ ለዚህ ካላስፈለገ ለምን ያስፈልጋል?»

ሻጩ ሰዎቹን አየ። ሁሉም ጫማቸውን አዩ። የባልዲ ነጋዴው ባርኔጣውን አስተካክሎ አንድ እርምጃ ወደ ፊት መጣ።

«እኔ እሆናለሁ» አለ። «ለሰው ዋስ ሆኛለሁ። ለሞተር ብስክሌት ሆኛለሁ። አንድ ጊዜ ለሙሽራ ሆኛለሁ። ለዛጎል ይህ የመጀመሪያዬ ነው።»

«ሙሽራውስ እንዴት ሆነ?» አልኩት።

«አለ እትዬ። ሦስት ወልዷል።»

«ይበቃኛል» አልኩ።

በሦስት ዓረፍተ ነገር ተዋዋልን። ዛጎሉ እስከ ዓርብ ከሞተ ሻጩ ሌላ ይሰጣል። ሞተ አልሞተ የሚል ክርክር ከተነሳ ዋሱ ራሱ ቤታችን መጥቶ ያያል። ከዓርብ በኋላ ነገሩ በእግዜር እጅ ነው። ጎረምሶቹ እማኝ ሆኑ። ዋሱ ስልክ ቁጥሩን በደረሰኙ ላይ ከዛጎሉ ምልክቶች ሥር ጻፈልኝ፤ እኔም ሰፈሬንና ስልኬን ነገርኩት።

ሻጩ ፌስታል ውስጥ ውሃ ሞላ። ዛጎሉ ገባ፤ የነጠላዬም ጫፍ አብሮ ገባ። በዚህ ሁኔታ ወደ ኮልፌ አሥራ ስምንት ማዞሪያ የሚሄድ ታክሲ ተሳፈርኩ። ፌስታሉን እንደ ሕፃን ታቅፌዋለሁ።

«ማዘር፣ ነጠላዎ ውሃ ውስጥ ገብቷል» አለኝ ረዳቱ።

«አውቃለሁ።»

አጠገቤ የተቀመጠች ሴት ፌስታሉን አይታ ራሷን ዝቅ አደረገች። «ጸበል ነው እናቴ? ከየት ነው ያመጡት?»

«ጸበል አይደለም። ዛጎል ነው።»

አማተበች። በአንድ ፌርማታ ሁለት ጊዜ ቦታ ቀየረች። «የሚጠነቆልበት አይደለም፤ ነፍስ ያለበት ነው» ብላት ጭራሽ ወረደች። መውረጃዋ እንዳልነበረ ከረዳቱ ፊት አወቅሁ።

ቤት ስገባ ባለቤቴ ቀና አለ።

«የታለ?»

«ነጠላዬ ላይ።»

ለረጅም ጊዜ አየኝ። ስብራቱ ወደ እኔ የተዛመተ ሳይመስለው አልቀረም።

ልጄ እንዳለችው ፌስታሉን ከነውሃው ሣጥኑ ውስጥ አንሳፈፍኩት፤ ዛጎሉ ውሃውን ቀስ በቀስ እንዲለምድ። ነጠላዬን አውልቄ መሄድ እችል ነበር። ግን ክብደቱ ዛጎሉን ከውሃ እንዳያወጣው ፈራሁ። ስለዚህ በዘርፉ ታስሬ ቆምኩ። የስድስት ሰዓት ጸሎቴን እዚያው ቆሜ አደረስኩ።

«ሰው ቢያይሽ ለዓሣ የምትሰግጂ ነው የሚመስለው» አለ ባለቤቴ ከአልጋው።

«አንተ ዝም ብለህ አሜን በል።»

«አሜን» አለ።

ሰላም ለኪ ላይ ስደርስ ዛጎሉ ለቀቀኝ። ወስጄ አሸዋው ላይ አስቀመጥኩት። አመሰገንኩ። ባለቤቴ ስድስት እርምጃ መጥቶ አየውና፣ «ደህና መጣህ» አለው። እኔን ደህና መጣሽ እስካሁን አላለኝም።

ረቡዕ ጠዋት ዛጎሉ የለም።

ሣጥኑን ዞሬ አየሁ። አምስት ዓሦች አሉ። አሸዋ አለ። ዛጎል የለም።

«ተበልቷል» አለ ባለቤቴ።

«ማን በላው?»

«ዓሦቹ ናቸዋ።»

«ዛሬ ረቡዕ ነው።»

«ለዓሦቹ ማን ነገራቸው?»

«ክዳኑንስ? ክዳኑንም በሉት?»

ድምፁ ተለወጠ። «ሞቶ አሸዋው ውስጥ ሰጥሟል። እዚያው ይበሰብስና እነዚህንም ይጨርሳቸዋል። አላልኩሽም?» ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ዓሦቹ አልበሉም፤ እሱም አልተነሳም። ክራንቹ እንደተደገፈ ቀረ።

ልጄ ስልኳን አታነሳም፤ ተረኛ ናት። ውሃውን በየሰዓቱ አሸተትኩ። መጀመሪያ አይሸትም አልኩ። ከዚያ ይሸታል አልኩ። ከዚያ የሚሸተው እጄ ይሁን ውሃው መለየት አቃተኝ። ባለቤቴን ለምሳ ጠራሁት፤ አልመለሰልኝም። ያን ጊዜ ደረሰኙን አውጥቼ ደወልኩ።

«ዋስ ነኝ» አለ የባልዲ ነጋዴው፤ ቁጥሬን መዝግቦት ኖሯል። «ሞተ?»

«አላውቅም። ጠፋ።»

«መጣሁ እትዬ።»

ዘጠኝ ሰዓት ሲሆን ደረሰ። ኮት ለብሷል። በር ላይ ባርኔጣውን አወለቀ። ለሙሽራም እንዲህ ለብሶ ይመስለኛል የሄደው። ባለቤቴን በሁለት እጁ ሰላም አለው፣ ጀሶውን አይቶ «እግዜር ይማርዎት ጋሼ» አለ። ከዚያ ወንበር ስቦ ሣጥኑ ፊት ተቀመጠ። ሻይና ቆሎ አቀረብኩለት።

«እስቲ ነገሩን ከመጀመሪያው ንገሩኝ» አለ። «መጨረሻ ያየው ማን ነው?»

«እኔ ነኝ» አለ ባለቤቴ ሳይዞር። «ትናንት ማታ።»

«ምን ይመስል ነበር?»

«ዛጎል።»

«ፊቱ ወዴት ነበር?»

ባለቤቴ ዞረ። «ፊት አለው እንዴ?»

«እርስዎ ነዎት ቤቱ ያሳደሩት» አለ ዋሱ፣ ቆሎውን እየቆረጠመ። «እኔ የማውቀው አንድ ነገር ነው። ሬሳ ሳይታይ ሞት አይታወጅም። እትዬ፣ ማንኪያ ይስጡኝ፤ አሸዋውን ልቆፍር።»

«አይሆንም!» አለ ባለቤቴ። በክንዱ ተደግፎ ቀና ብሏል። «ሕይወት ካለው ያልሞተውን ትገድሉታላችሁ! ተኝቶ ቢሆንስ?»

«ሞቷል ያሉት እርስዎ አይደሉም?»

«ብዬ ነበር።»

«አሁንስ?»

ባለቤቴ አንገቱን ዘረጋ። «አሸዋው በየት በኩል ነው ከፍ ያለው?»

«ከዚህ አይታየኝም» አለ ዋሱ።

«በጀርባው በኩል ይዩ። በግድግዳው በኩል።»

«በግድግዳው በኩል ምን እንደነበር እኔ አላውቅም። የቤቱ ባለቤት ነው የሚያውቀው።»

ዋሱ ይህን ሆን ብሎ ይበለው አይበለው ዛሬም አልጠየቅሁትም። ባለቤቴ ግን ብርድ ልብሱን ገለበጠ። «ክራንቹን አቀብዪኝ» አለኝ። አቀበልኩት። ቶሎ ወደ ጓዳ ገባሁና በመጋረጃው ስንጥቅ አየሁ።

ስድስት እርምጃ። ከዚያ ሰባት። ከዚያ ስምንት። በሣጥኑ ዞሮ በጠባቡ በኩል፣ ግድግዳውና መስታወቱ መሐል ተወተፈ። ዋሱ ከኋላው ቀበቶውን ይዞታል። ጀሶው ከግድግዳው ጋር ተጋጨ።

«ባትሪ!» አለ ባለቤቴ።

ባትሪ አመጣሁ። ሦስታችንም ጎንበስ አልን። ከአሸዋው ላይ ሁለት ትናንሽ ቀዳዳዎች ይታያሉ፤ ጎን ለጎን፣ እንደ ሕፃን አፍንጫ። በአንዱ ዙሪያ ያለው እድፍ ቀስ ብሎ ወደ ውስጥ ይገባል። በሌላው ዙሪያ ያለው ወደ ውጭ ይገፋል።

«ይተነፍሳል» አለ ዋሱ በሹክሹክታ።

ባለቤቴ ጣቱን ውሃው ውስጥ ከቶ ወደ ቀዳዳዎቹ አስጠጋ። ክው! ሁለቱም ተዘጉ። ጥቂት አሸዋ ተነሳ።

ሁላችንም ቆየን። እንደገና፣ ቀስ እያሉ፣ ተከፈቱ።

«ሲነኩት ይዘጋል» አልኩ።

ማታ ልጄ ስትደውል ሳቀችብን። ጤነኛ ዛጎል አሸዋ ሲያገኝ ራሱን ይቀብራል አለችን፤ የታመመው ነው ላይ የሚቀረው። «ታዲያ ይህን ለምን አላጻፍሽኝም?» አልኳት። ደረሰኙ ሞልቶ ነበር አለች። እውነቷን ነው።

ዋሱ ግን ያን ዕለት ሲወጣ፣ «ዋስትናዬ አለቀ» አላለም። «እስከ ዓርብ ነው የተባልነው» አለ። ሐሙስ ሱቁን ዘግቶ መጣ። ባለቤቴ ዋሱ ከመድረሱ በፊት ተነስቶ በጠባቡ በኩል ቆሞ ጠበቀው፤ ቀዳዳዎቹ ቦታ ቀይረዋል፣ ሊያሳየው ነው። ከዛጎሉ ተነስተው ስለ ጅማ መንገድ አወሩ። ዋሱም በወጣትነቱ በዚያ መንገድ ባልዲ ጭኖ ተመላልሷል። አንቱታውን ያኔ ጣሉት። በመሐል ባለቤቴ ሲስቅ ሰማሁ። ሽንኩርት እየከተፍኩ ስለነበር ዓይኔን የጠረግሁት ለምን እንደሆነ ለመለየት አልሞከርኩም።

ዓርብ ውሃው ተለውጧል። አልጠራም፤ ግን አምስቱ ዓሦች ከዚህኛው መስታወት እስከዚያኛው ድረስ ይታያሉ። ቆጠርናቸው። ዋሱ ባርኔጣውን አደረገና ቆመ።

«በሉ፣ ሦስት ቀኑ አልቋል። ዛጎሉ በሕይወት አለ። ከዚህ በኋላ እኔ አልጠየቅም።»

«እግዜር ይስጥልኝ» አልኩት።

ወጣ። ባለቤቴ ክራንቹን አንስቶ ተከተለው።

«ተቀመጥ እንጂ፣ ምን ሆነሃል?» አለ ዋሱ።

«እንግዳ ሳይሸኝ ይቀመጣል እንዴ?»

በሩ ላይ ደረሱ። «በቃ፣ ተመለስ» አለ ዋሱ። «ሁለት እርምጃ» አለ ባለቤቴ። ግቢውን አለፉ። «በሞቴ ተመለስ!» «በሞቴማ አልመለስም!» የውጭውን በር ወጡ። ኮብልስቶኑ ላይ ክራንቹ ቀጭ ቀጭ ይላል። ዋሱ ቆሞ ይገፋዋል፤ ባለቤቴ በክርኑ ይገፋዋል፤ ሁለቱም አንድ እርምጃ ወደ ፊት ይሄዳሉ። ጎረቤቶች የተጣሉ መስሏቸው በየበራቸው ብቅ አሉ።

እኔ የፕላስቲክ ወንበር ይዤ ከኋላ ተከተልኩ፤ ደክሞት ቢቀመጥ ብዬ። እስከ ሠላሳ ቆጠርኩ። ከዚያ ቆጠራው ጠፋብኝ፤ ከቆጠራው ይልቅ ተመስገን ማለቱ ቀለለኝ። ታክሲ መያዣው ድረስ ሄዱ። ዋሱ ተሳፈረ። ባለቤቴ ታክሲው እስኪሰወር እጁን አነሳ፤ ከዚያ ዞሮ እኔንና ወንበሩን አየ።

«ይህን ለማን ነው የተሸከምሽው?» አለኝ።

«ለእኔ» አልኩት፤ ተቀመጥኩበትም። እሱ ቆሞ ጠበቀኝ።